ሰባት ቤት ያልሞላላቸው ውሾች

የማኅበሩ መዝገብ እነሆ በእጄ ነው። ባለ መቶ ገጽ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ጠርዙን ጠላ የነካው። ከመቶው ገጽ የተጻፈበት አሥራ አራቱ ብቻ ነው። ቀሪውን አያቴ "ያሻሽን ጻፊበት" ብለው ሰጡኝ፤ ይህንንም የምጽፈው ከአሥራ አምስተኛው ገጽ ጀምሬ ነው። ይህን ያህል ባዶ ገጽ የኔ ሆኖ አያውቅም፤ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ባዶ የቀረበት ምክንያት ግን የሚያስደስት አይደለም። የምነግራችሁም እሱን ነው።

ማኅበር ስል የጽዋ ማኅበር እንዳይመስላችሁ። የውሻ ማኅበር ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መሐል ሜዳ የመጣሁ ሰሞን ለክፍሌ ልጆች ብነግራቸው አንዷ፣ "ታዲያ ተረኛው ውሻ ነው ጠላ የሚጠምቀው?" ብላ ክፍሉን ሁሉ አሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስሆን አልሳቅሁም።

ያደግሁት አያቴ ዘንድ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ሥራ ላይ ናት። መንደራችን ከመሐል ሜዳ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ገብስና በግ ነው ያለን፣ ከዚያ ውጭ ብርድ ነው። በግ ካለ ጅብ አለ፤ ጅብ ካለ ውሻ ያስፈልጋል። ውሻ ሲባል ደግሞ ማንኛውም ውሻ አይደለም። የማኅበሩ ውሾች ደረታቸው ሰፊ፣ ጅራታቸው ወደ ጀርባቸው የተጠቀለለ፣ ፀጉራቸው ከበግ ፀጉር እንደሚሠራው ባና የደነደነ ነው። ከኋላ እግራቸው መሬት የማትነካ አንዲት ትርፍ ጥፍር አለቻቸው። ቡችላ ሲወለድ አያቴ መጀመሪያ የሚዳስሱት እሷን ነው። ጥፍሯ ከሌለች ቡችላው ለመንገደኛ ይሰጣል። ካለች ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ዓይኑን በገለጠ በወሩ ከግልገሎች ጋር አንድ ጋጥ ውስጥ ይገባል። ግልገል የነከሰ እሱም ይሰናበታል። ከግልገል ተጠግቶ የተኛ የማኅበሩ ውሻ ይሆናል፤ አይሸጥም፣ ከአባል ቤት አይወጣም፣ ከከተማ ውሻ ጋር አይገናኝም።

አባሎቹ ስድስት ቤት ነበሩ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመስቀል በኋላና ከፋሲካ በኋላ፣ አያቴ ግቢ ይሰበሰባሉ። ውሾቻቸውን ይዘው ስለሚመጡ ከግንቡ ውጭ፣ እንዳይናከሱ ተራርቀው፣ ይታሰራሉ። ልጅ ሆኜ ከዓመት ዓመት የምጠብቀው በዓል ይኸ ነበር። ውስጥ ሰዎቹ ስለ ውሻ ያወራሉ፣ ውጭ ውሾቹ እርስ በርሳቸው ይጯጯሃሉ፤ ማን ማንን እንደሚያማ ግን አይታወቅም ነበር።

የማኅበሩን አመሠራረት ያልሰማ ልጅ መንደሩ ውስጥ የለም። ደርግ የወደቀ ጊዜ የሚሸሸው ወታደር በመንደራችን ሲያልፍ የጮኸበትን ውሻ ሁሉ ተኩሶ ገደለ። በዚያ ክረምት ጅቡ እንደ ልቡ ሆነ፤ በጉን ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ያሳደረ ሁሉ አለ። ክረምቱ ሲወጣ አያቴ አምስት ቤት ሰው ሰበሰቡና፣ "የተረፈንን ንጹሕ ዘር ከባዳ ውሻ ካልጠበቅነው ልጆቻችን ውሻ አይኖራቸውም" ብለው አስማሏቸው። የኔታ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ድቁና አስተማሪ፣ ውሻ ባይኖራቸውም መሐላውን አስፈጸሙ፤ ከዚያ ወዲህ ስብሰባውን የሚባርኩት እሳቸው ናቸው።

እያንዳንዱ ቤት ታዲያ የተረፈለት ውሻ ከየት እንደመጣ የሚያወራው ነገር ነበረው። ባና የሚሠሩት ሸማኔ፣ "የኛ ዘር የጊሼ ነው። አባቴ ከዚያው ከራቤል በማር ለውጦ ያመጣው" ይላሉ። ከወንዙ ማዶ ያሉት እማሆይ ከመነኮሱ ረጅም ዘመናቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ፣ "የኔስ ከመርሐቤቴ፣ ከአንድ ደብር አለቃ ግቢ የወጣ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ ይጾማል" ይላሉ። አያቴ፣ "የኛ ከዚሁ ከመንዝ፣ ከጥንት" ብለው ያሳጥሩታል። ሌሎቹም እንዲሁ። እኔ ይህን ሁሉ አምን ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ከውሾቹ መውለድ የሚችሉ ሁለት ብቻ ቀሩ። ሌሎቹ አርጅተዋል፣ የሸማኔው ውሻ ተኮላሽቷል፣ የሁለት ቤት ሰው ውሾች ሞተው አልተተኩም። የቀሩት የአያቴ ጥቁሯ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ያለባት፣ እና የእማሆይ ዳለቻው ናቸው። ጥቁሯ ገና ወጣት ነበረች። ዳለቻው ግን ጥርሱ እየሟሸሸ ነበር። አያቴ ቡና ሳይሉ፣ እህል ሳይሉ፣ ጠዋት ከአፋቸው የምትወጣው የመጀመሪያዋ ነገር፣ "ዘንድሮ እነዚህን ማገናኘት አለብን" ሆነች።

በዚያው ዓመት አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ በግ ሊመዘግብ መጣ። የየበጉን ጆሮ እየበሳ ቁጥር ያለው ላስቲክ ያደርጋል፤ ከዚያ በትልቅ መዝገብ ላይ እናቱንና አባቱን ይጽፋል።

"የዚህ ጠቦት አባት ማነው?" አለ።

"አውራ ነዋ!" አሉ አያቴ።

"የትኛው አውራ?"

"እኔ እንጃ፣ እናቱን አልጠየቅኋት።"

ባለሙያው ስቆ አስረዳቸው። ወንድምና እህት፣ አባትና ልጅ ከተገናኙ ግልገሉ ደካማ እንደሚሆን፣ ለዚህም አውራው ከመንጋ ወደ መንጋ መዘዋወር እንዳለበት ነገራቸው። አያቴ በደንብ ሰሙት። ሲጨርስ፣ "ለውሾቻችንስ እንዲህ ያለ መዝገብ ይሠራልን?" አሉት።

"አባቴ፣ ለውሻ በጀት የለም" አለ። ቅር እንዳይላቸው ብሎ ነው መሰለኝ፣ "በጽሑፍ ካላችሁ ግን አንድ ቀን ለሚመለከተው ክፍል እናቀርባለን" ጨመረበት።

በጽሑፍ! አያቴ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ባለሙያው ከሄደ በኋላ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ቃሉን ደጋግመው አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እኔ በዚያን ጊዜ ለጎረቤት ሁሉ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እጅ ጽሑፌን አስተማሪው ለሌላ ክፍል ወስዶ ያሳየልኝ ሰሞን ነው። "የማኅበሩ ጸሐፊ አንቺ ነሽ" አሉኝ። ለመጪው ገበያ ሞላሌ ወርደው ሰማያዊውን ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ፣ ገዝተው መጡ።

ከመስቀል በኋላ ማኅበሩ ተሰበሰበና ደብተሩ ተባረከ። መጀመሪያ የማኅበሩ ሕግ ይጻፍ ተባለ፤ እስከዚያ ድረስ በቃል ነበር። እነሱ እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። አይሸጥም፣ ከባዳ አይገናኝም፣ ጥፍር የሌለው አይያዝም እያልን አምስተኛው አንቀጽ ላይ ደረስን። አያቴም ባለሙያው ስለ በጉ ያለውን ለማኅበሩ ነገሩ። የኔታ ይህን ሲሰሙ ጣታቸውን አነሱ።

"ለበግ እንኳ ዘመድ ከዘመድ አይገናኝ ከተባለ፣ ንጹሕ ነው ለምትሉት ውሻ እንዴት ዝም ይባላል? ሰው ሰባት ቤት ቆጥሮ አይደለም ወይ የሚጋባው? ውሻውም ይቆጠርለት።"

ሰዉ ሁሉ ወደደው። ንጹሕ ዘር ማለት የሰው ሕግ የደረሰው ዘር ነው ተባለ። ሸማኔው፣ "ምን ያስፈራናል! የኛ ከጊሼ፣ የእማሆይ ከመርሐቤቴ፣ የርስዎ ከጥንት። ሰባት ሳይሆን ሰባ ይቆጠር!" አሉና ሁሉም ሳቁ። አያቴ ጠላቸውን እያዩ ነበር። "ይሁን" አሉ። ቃሏን ያሏት ቀስ ብለው ነው፤ ያን ጊዜ ግን እኔ 'አንቀጽ ስድስት' የሚለውን በቀይ እያሰመርኩ ስለነበር ልብ አላልኩም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ወር ከሕይወቴ ሁሉ የተደሰትኩበት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ይዤ ከቤት ወደ ቤት ስዞር፣ ትልልቅ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ለኔ ሲናገሩ፣ የተናገሩትን ስጽፈው! አንድ ነገር ጠይቄ መልሱን ስጽፍ፣ የተጻፈው መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ደብተሩ ራሱ ነው ያስተማረኝ።

ሸማኔውን ያገኘኋቸው ሥራ ላይ ነው። የራቤሉን ማር፣ የአባታቸውን ጉዞ፣ መንገድ ላይ የዘነበውን በረዶ ሳይቀር ነገሩኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ፣ "ያ ውሻ ወታደሮቹ ባለፉ ጊዜ የት ነበር፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"እሱንማ ገደሉት። እዚህች በር ላይ።"

"ታዲያ የአሁኑ የማን ልጅ ነው?"

ሸማኔው እጃቸው ቆመ። ውጭ ሰው አለመኖሩን አዩ። "ከአያትሽ ነው ያገኘሁት። ገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ውስጥ የተረፈች አንዲት ውሻ ወልዳ ኖሮ፣ ከዚያ ነው አንድ የሰጡኝ። 'ለማንም እንዳትናገር፣ ሁሉም ይጠይቀኛል' ስላሉኝ ይኸው ዝም ብዬ ኖሬያለሁ።"

"ልጻፈው?"

ጥቂት አሰቡ። "መናገርማ መሐላ ማፍረስ ነው። መጻፍ ግን ሌላ ነው። ጻፊው።"

እማሆይ ጋ ስሄድ የደብሩ አለቃ ግቢና ጿሚው ውሻ ተወራልኝ። ያንኑ ጥያቄ ስጠይቅ እማሆይ ረጅም ሰዓት መቁጠሪያቸውን አዘወሩ። "አንቺ ልጅ፣ ንስሐ አባቴ እንኳ ይህን ጠይቀውኝ አያውቁም" አሉ። ከዚያ እሳቸውም፣ "ከዋሻው ነው፣ ከአያትሽ፤ ለማንም እንዳይናገሩ ብለውኛል" አሉ። ሦስተኛው ቤት እንዲሁ። አራተኛውና አምስተኛው እንዲሁ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ብቻ ያውቃል፤ ሌላው ቤት በእውነት ከጊሼ፣ በእውነት ከመርሐቤቴ ያመጣ ይመስለዋል።

እኔ የጠለቀ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ስድስት ወንዝ ብዬ ጀምሬ አንድ ምንጭ ላይ ደረስኩ! በሁለት ገጽ ላይ ትልቅ ዛፍ ሣልኩ፤ ግንዱ የዋሻዋ ውሻ፣ ከእሷ ስድስት ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ቅርንጫፍ። እናቶቹን በቀይ፣ አባቶቹን በሰማያዊ። በዛፉ ግርጌ የግንዲቱ የራሷ ሰንጠረዥ አለ፤ እዚያ ላይ 'የቡችሎቿ አባት' የሚለው ቦታ ብቻ ባዶ ቀረ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። አያቴን አልጠየቅኋቸውም። ስብሰባው ላይ አንብቤ ላስደንቃቸው ነበር ሐሳቤ። እሳቸውም፣ "ሰዎቹ ነገሩሽ?" ብቻ አሉኝ። "ሁሉንም!" አልኳቸው። የራቤሉን ማርና የደብሩን አለቃ የነገሩኝ ነው የመሰላቸው።

ስብሰባው ከፋሲካ በኋላ ነበር። ሰዉ ስለጓጓ ጠላው እንኳ ሳይዞር አንብቢ ተባልኩ። ቆሜ አነበብኩ። እያንዳንዱን ቤት፣ እያንዳንዱን ውሻ፣ እናቱን፣ አያቱን፣ እስከ ዋሻው ድረስ። መጨረሻ ላይ ደብተሩን ገልብጬ ዛፉን አሳየኋቸው። ማንበብ የማይችሉትም ዛፍ ያውቃሉ፤ ስድስት ቅርንጫፍና አንድ ግንድ ያያል ሁሉም።

ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። ሸማኔው እማሆይን አዩ፤ እማሆይ ሸማኔውን። "ማሩስ?" አሉ እማሆይ። "ደብሩስ?" አሉ ሸማኔው።

የኔታ ደብተሩን ተቀብለው ጣታቸውን ቅርንጫፉ ላይ እያሳለፉ መቁጠር ጀመሩ። "የጥቁሯ እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅማያት። የዋሻዋ ውሻ ቅማያቷ ናት። አራት ቤት። የዳለቻው እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። ሦስት ቤት።" ደብተሩን ዘጉት። "ዘመድ ናቸው። አይሆንም።"

"አራትና ሦስት ሰባት አይደለም እንዴ?" አሉ ሸማኔው።

"በየወገኑ ነው የሚቆጠረው፤ አይደመርም።"

"እንግዲያው ሰባት እስኪሞላ እንጠብቅ።"

"ሳይዋለዱ እንዴት ይሞላል?"

"እሱማ... መዋለድ ነበረባቸው።"

"ሰባት ሳይሞላ መዋለድ አይችሉም አልኩህ እኮ!"

በዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሩበት። ከውጭ የሚመጣ ሰው ቢሰማቸው በሳቅ ይሞት ነበር። አንዱ አባል ፈራ ተባ እያሉ፣ "ከሌላ አገር ወንድ ቢመጣስ?" አሉ። አያቴ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። "ባዳ ውሻ ለማርባትማ ማኅበር ምን ይሠራል?" አሉ። ነገሩ ተዘጋ። እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። "እኔ መነኩሲት ነኝ፣ የጋብቻ ነገር አላውቅም። ዳለቻው ግን ያውቃል። ዝም ብላችሁ ብትለቋቸው አንድም ቤት ሳይቆጥር ይጨርሰው ነበር" ብለው ሄዱ።

አንቀጽ ስድስትን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በቀይም ያሰመርኩት እኔ። ሰዉ ሲበተን አያቴ አጠገቤ ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ጥሩ አንብበሻል" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

በቀጣዩ ጥቅምት ጥቁሯ ወንድ ፈለገች። አያቴ ባዶ ጭድ ቤት ውስጥ አስገብተው በሩን በመወርወሪያ ዘጉባት። የመንደሩ ልቅ ውሻ ሁሉ መጣ፤ በድንጋይ ተባረረ። ዳለቻው ወንዙን ተሻግሮ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። እሱ እንደ ሌሎቹ አልጮኸም፣ በሩን አልቧጨረም። ከግንቡ አጠገብ፣ በስብሰባ ቀን የሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ ሳያስሩት ተቀመጠ። እሷ ከውስጥ ታለቅሳለች፤ እሱ ጆሮውን ወደዚያ አድርጎ ይሰማል። እሱን አያቴ በድንጋይ አላባረሩትም። ውኃ አስቀመጡለት። ሳይበላ ስምንት ቀን ከረመ።

በአምስተኛው ቀን አያቴ ሞላሌ ገበያ ሄዱ። "በሩን ጠብቂ" አሉኝ። ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝ፤ ዛሬ ሳስበው እንድከፍተው ፈልገው ነበር እላለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም። በሩ ጋ ሄድኩ። መወርወሪያው ላይ እጄን አደረግሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ዳለቻው ከተቀመጠበት ተነሣ። ውስጥ ያለችውም ዝም አለች። አንድ መሳብ ብቻ ነው የሚቀረው። ከሁለት ወር በኋላ ቡችሎች፤ አያቴ ጎንበስ ብለው ጥፍር ሲዳስሱ፤ ግንቡ ላይ እንደገና የሚታሰሩ ውሾች።

አልከፈትኩም። ሕጉን ፈርቼ አይደለም፣ የኔታንም ፈርቼ አይደለም። ቡችሎቹ ቢወለዱ መዝገቡ ላይ ምን ብዬ እጽፋቸዋለሁ ብዬ ነው። እውነቱን ብጽፍ ማኅበሩ አይቀበላቸውም፤ ብዋሽ ደብተሬ ይበላሻል። እንዴት አድርጌ የሠራሁት ደብተር ነው! በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከእጄ የወጣ እንከን የሌለው ነገር እሱ ብቻ ነበር። እናም ከውሻዪቱና ከደብተሩ ደብተሩን መረጥኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ስጽፈው ቀላል ሆኖ ማግኘቴ ያሳፍረኛል።

አያቴ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ተመለሱ። መጀመሪያ መወርወሪያውን አዩ። ከዚያ እኔን። ዳለቻው አጠገብ ግንቡ ላይ ተቀመጡና፣ "የዋሻዋን ልጆች አባት ባዶ ትተሽዋል አሉኝ" አሉ።

"የሚያውቅ አጣሁ፣ አባባ።"

"እኔ አውቃለሁ።" ዳለቻውን ጆሮው ሥር አከኩት። "ወታደሮቹ ከመሸሻቸው በፊት ላይኛው ጋራ ላይ ሰፍረው ነበር። ከየት እንዳመጡት የማይታወቅ አንድ ውሻ ነበራቸው። አንድ ጠዋት ከሷ ጋር አየሁት። ከጀርባው ነው ያየሁት። ከዚያ ወታደሩ ሲሄድ አብሮ ሄደ።"

ቶሎ አልገባኝም። "እንግዲያው እኮ ንጹሕ አይደሉም!"

"ንጹሕስ ናቸው። እኔ ንጹሕ ናቸው ካልኩበት ቀን ጀምሮ ንጹሕ ናቸው።"

"አባባ፣ ይህን ለማኅበሩ ቢነግሯቸው እኮ ከውጭ ወንድ ማምጣት ይቻላል። ከመጀመሪያውም ባዳ ነበረበት ይባላል፣ ያልቃል!"

"አምስት ቤት ሰው ባዳ አታስጠጉ ብዬ አስምዬ፣ ቡችላ ከልጆቻቸው እጅ እያስነጠቅሁ ለመንገደኛ ስሰጥ ኖሬ፣ ዛሬ ተነሥቼ የወታደር ውሻ ነው ልበላቸው?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "አትጻፊው።"

"አልጽፍም" አልኩ።

በስምንተኛው ቀን ጥቁሯ ዝም አለች። ዳለቻው ውኃውን ጠጣና ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቤቱ ሄደ። በክረምቱ ሞተ። ሊያረዱን የመጡት ራሳቸው እማሆይ ናቸው፤ በዚያ ዝናብ፣ በመቋሚያቸው ወንዙን እየለኩ። በር ላይ እንደቆሙ አያቴን፣ "ስንት ቤት ደረሳችሁ?" አሏቸው። እማሆይም ከዚያ ወዲህ ስብሰባ አልመጡም።

መዝገቡን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ለባለሙያው ሰጥቼው ነበር። በጥሩ ቃል ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ለበጉ በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ከሚመለከተው ክፍል መልስ እንዳልመጣ ይነግረኛል። በመጨረሻ ሲያየኝ ማፈር ስለጀመረ መጠየቁን ተውኩት።

እኔ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቼ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። በፕላዝማው ላይ ስለ ዘር ሲያስተምሩ ከእንግሊዝኛው ግማሹ አምልጦኛል፤ የያዝኩት ግን በቅቶኛል። የኔታም ትክክል ነበሩ፣ ባለሙያውም ትክክል ነበር። ደም ሳይታደስ ዘር አይቆይም። በሩን ከፍቼው ቢሆንም እንኳ ዘሩ ትንሽ ነበር የሚገፋው። ይህን ሳውቅ ቅልል ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። አያቴ በበኩላቸው ጥቁሯ ወንድ በፈለገች ቁጥር ጭድ ቤቱን መዝጋታቸውን ቀጠሉ። የሚጠብቋት ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ዳለቻው ከሞተ በኋላ የሚሆናት ወንድ አልነበረም።

የግማሽ ዓመት ፈተና ጨርሼ ቤት በገባሁ በማግስቱ ጠዋት አያቴ ከጋጡ ዘንድ ጠሩኝ። ጥቁሯ በሩ ላይ ተጋድማለች። መሬቱ ተቆፍሯል፣ የጅብ ፀጉር በየቦታው ተበትኗል። አያቴ በጎቹን አንድ በአንድ አወጧቸው፤ አንድም አልጎደለም። እሷን ግን ከሆዷ በታች ጅቡ ቦጭቋታል። ሦስት ቀን ቆየች። ውኃ በእጄ አጠጣኋት። ድሮ እናቷ በሕይወት ሳለች ሁለት ሆነው ነበር የሚመክቱት፤ ይህን እኔም አያቴም እያወቅን አልተነጋገርንበትም።

ለውሻ መቃብር አይቆፈርም። አያቴ ግን ገደሉ ሥር፣ ዋሻው አፍ ላይ፣ ድንጋይ ከመሩባት። ከአባሎቹ የመጡት ሸማኔው ብቻ ናቸው። ድንጋይ ሲያቀብሉ ቆይተው፣ "ማሩ እኮ እውነት ነው። አባቴ በእውነት በማር ለውጦ ነበር ያመጣው" አሉ። ማንም ውሸት ነው አላላቸውም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በስብሰባው ቀን የኔታና ሸማኔው መጡ። ጠላው ተቀዳ፣ ተባረከ። ከግንቡ ውጭ የሚጮህ ነገር ስላልነበረ ንግግሩ ቶሎ ቶሎ ይቋረጥ ነበር። ማኅበሩ ፈርሷል ያለ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ግን የተሰበሰበ የለም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ አያቴ ደብተሩን ከሣጥን አወጡት። "ያን ነገር አሁን ጻፊው" አሉኝ።

"የትኛውን?"

"የአባትየውን። አሁንማ ማንን ይጎዳል።"

ዛፉ ያለበትን ገጽ ገለጥኩ። ሰማያዊው እስክሪብቶ ደርቆ ስለነበር በትንፋሼ አሞቅሁት። ባዶው ቦታ ላይ 'የወታደር ውሻ፤ ቀለሙና አገሩ ያልታወቀ' ብዬ ጻፍኩ።

"ምን አልሽ?"

አነበብኩላቸው። ጥቂት አሰቡ።

"ትልቅ ውሻ ነበር በይበት።"

"ትልቅ ነበር?"

"እንጃ" አሉ አያቴ። "ሩቅ ነበር፤ ከጀርባው ነው ያየሁት አልኩሽ።"

ጻፍኩት፦ ትልቅ ውሻ ነበር።